አባቱን ሆኖ የተወነው ልጅ

«አንድ ፍራንክ፣ 14 ፔሴታ» የተባለው የስፔን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። ርዕሱ የምንዛሪ ዋጋ ነው፤ አንድ የስዊዝ ፍራንክ በዚያ ዘመን ስንት የስፔን ገንዘብ ያወጣ እንደነበር ይነግረናል። ታሪኩ በ1960 ይጀምራል። ማርቲንና ማርኮስ የሚባሉ ሁለት የማድሪድ ጓደኛሞች ሥራ ሲጠፋ ኡትስቪል ወደምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ሄደው ፋብሪካ ይቀጠራሉ። የማርቲን ሚስት ፒላርና ትንሹ ልጃቸው ፓብሎ ኋላ ይከተላሉ። ከዓመታት በኋላ አገራቸው ይመለሳሉ፤ መመለሱም ከመሄዱ አልቀለላቸውም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊልሙን የጻፈው፣ ያዘጋጀው፣ ማርቲንንም ሆኖ የሚተውነው አንድ ሰው ነው፤ ካርሎስ ኢግሌሲያስ። በልጅነቱ ስዊዘርላንድ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ የተነሣውም ከገዛ ወላጆቹ ታሪክ ነው። ትንሹ ፓብሎ አድጎ የአባቱን የሥራ ልብስ ለበሰ ማለት ነው። ደግሞም አባትየውን ቅዱስ አላደረገውም። ማርቲን የእንግዳ ማረፊያውን ከምታስተዳድረው ከሃና ጋር ይወድቃል፣ ሚስቱን ይዋሻል፣ አገሩ ሲያኮራው ይውላል፣ ወዲያው ደግሞ ያፍርበታል። ልጁ ይስቅበታል፣ ግን አይንቀውም። ከእኛ መካከል እስቲ ማን ነው እንዲህ አድርጎ አባቱን መሆን የሚችል?

«ይሄ እኛን አይመለከትም» የሚል ይኖራል። እናቴም ብላኛለች፦ «እነሱ የሄዱት ለእንጀራ ነው፣ እኛ የመጣነው ለኢየሩሳሌም ነው።» ልክ ናት። ስፔናዊው መመለሻውን እያሰላ ነው ባቡር የተሳፈረው። የኛዎቹ በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ 4 ሺህ ያህል ሰው በመንገድና በመጠለያ ቀርቷል። ያንን ለሥራ ከሄደ ሰው ጋር አንድ ማድረግ ነውር ነው። ግን በማግስቱስ? ከመርካዝ ክሊታ ወጥተው እዚህ ናታንያ ከገቡ በኋላስ? እናቴ ለዓመታት ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ስታነጥፍ ኖራለች። በቀን ስንት ክፍል፣ በሰዓት ስንት ሼክል፣ ለማሽካንታ ስንት፣ ጎንደር ለቀሩት ስንት፣ ሁሉንም ዛሬም በቃሏ ትነግርሃለች። የጉዞውን ታሪክ እኛ ልጆቿ በየትምህርት ቤቱ ስንናገረው ነው ያደግነው። ይሄኛውን ግን የጠየቃት የለም፤ እንደ ታሪክም አልተቆጠረም።

በዚህ ዓይን ነው «ዘሩባቤል»ን እንደገና ያየሁት። በ2008 የወጣው የሽሙኤል በሩ ፊልም፣ ከእኛ ማኅበረሰብ የወጣ ዳይሬክተር የሠራው የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተከበረ ኮሎኔል የነበረ አባት፣ እዚህ መንገድ ጠራጊ ሆኗል። ልጁ የጦር አውሮፕላን አብራሪ እንዲሆንለት ይመኛል። የልጅ ልጁ ይስሐቅ ደግሞ የእስራኤል ስፓይክ ሊ እሆናለሁ ብሎ ካሜራውን ይዞ ሽኩናውን ይቀርጻል። ደፋር ፊልም ነው፤ ያላየ ይየው። ሆኖም መጥረጊያው በአባትየው እጅ የውድቀት ምልክት ብቻ ሆኖ ነው የታየኝ። ኮሎኔልነቱን ለማሳዘኛ እንጠቀምበታለን፣ ጠራጊነቱን ግን እንደ ሥራ አናየውም። ኮሎኔል ያልነበረ፣ ገበሬ ወይም ቀጥቃጭ የነበረ አባት ቢጠርግስ ኖሮ አያሳዝነንም ነበር?

ስፔናዊው ፊልም ሥራን ከነሳቁ ነው የሚያሳየው። ያ ሳቅ እኛም ቤት ሞልቷል እኮ! እናቴና የኒካዮን ጓደኞቿ ቡና ላይ ሲገናኙ፣ አምስቱንም «ሳራ» እያለ ይጠራ የነበረውን አለቃቸውን አነጋገር እየቀዱ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። እኛ ስንገባ ግን ዝም ይላሉ። አያከብሩንም ብለው ይሆን፣ ወይስ እናፍርባቸዋለን ብለው?

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ስዊዘርላንድ በጣም አማረች፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ ሰዉ ጨዋ። በእውነቱ በወቅት ፈቃድ የሚሠራ የውጭ ዜጋ ቤተሰቡን ማምጣት አይፈቀድለትም ነበር፤ ተደብቀው የመጡ ልጆች ድምፅ እንዳያሰሙ እየተነገራቸው ክፍል ተዘግቶባቸው ይውሉ ነበር። በ1970 የውጭ ዜጎች ቁጥር ይቀነስ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወደቀ፣ ግን 46 በመቶው ደግፎታል። ኢግሌሲያስ የልጅነቱን አገር ወደደና ይሄንን ወደ ጎን ተወው። ይቅር የምለው አይደለም፣ ግን ይገባኛል። ልጅ የሚያስታውሰው በረዶውን ነው፤ ወረቀቱን የሚያስታውሱት ወላጆች ናቸው።

ከሁሉ የከበደኝ መጨረሻው ነው። ማድሪድ ለማርቲን አገሩ ነው፣ ለፓብሎ ግን እንግዳ። አባት ለዓመታት ያጠራቀመው ሁሉ ለዚህ ቀን ነበር፣ ልጁ ግን ቀኑን አልፈለገውም። ለኛ ወላጆች መመለስ የሚባል ነገር ስለሌለ ይህ ጥል በግልጽ አልመጣብንም። ግን ጎንደርን ያላየን ልጆቻቸው፣ ስለ አገር ሲያወሩ ፊታችንን ያዩታል።

ፊልሙን ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት፣ ጽሑፉን በአማርኛ እየተረጎምኩላት። ስለ ሃና ምንም አላለችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ለመሆኑ በወር ስንት ይከፍሏቸው ነበር?»