የዝቅተኛው ተጫዋች ድል እንዴት ይመዘናል?

በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በስሜን ተራሮች ግርጌ ባለ ሌላ ከተማ በሚካሄድ የቼስ ውድድር፣ «ኢሎ» በተባለው የብቃት መለኪያ ዝቅ ያለ ነጥብ ያለው ተጫዋች ከፍተኛውን ሲረታ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ተመልካች ማን እንደ ተሸነፈ ከመገረሙ በፊት ድሉ በምን መንገድ እንደ ተገኘ ይመረምራል። በኢሎ ስሌት 200 ነጥብ የሚበልጠው ተጫዋች ከ100 ጨዋታዎች 76 ያህል ነጥብ እንደሚሰበስብ ስለሚገመት፣ ያልተጠበቀ ውጤት ብቻውን ብርቅ አይደለም።

ለዚህ ዳኝነት ሰንጠረዥ፣ ማለትም ጥንታዊው የኢትዮጵያ ቼስ፣ የራሱን ሚዛን አቆይቷል። ተጋጣሚዎቹ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚመሰገነው ንጉሡን መማረክ ብቻ ሳይሆን በማን መማረኩ ጭምር ነው። በቀጥታ መስመር በሚገሠግሠው ደር ወይም በፈረስ የተፈጸመ ማት ብልኀት እንደ ጎደለው ሲቆጠር፣ በመደቅ፣ ማለትም በእግረኛ ወታደር፣ የተፈጸመው ይደነቃል፤ ደካማውን ኀይል ለፍጻሜ ማብቃት አርቆ ማሰብን ይጠይቃልና።

ይህ ሚዛን ግን ፍጻሜውን ብቻ ስለሚያይ ለዘመናዊው ጨዋታ አይበቃም። የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1956 በኒውዮርክ ስመ ጥሩውን ዶናልድ ባይርንን ያሸነፈበት ጨዋታ በ41ኛው እርምጃ የተዘጋው በሩክ ነው፤ ሩክም የደር አቻ ነው። የጨዋታው ክብር ያለው ግን ቀደም ብሎ ነው። ባይርን ንጉሡን ከመሐል ሳያሸሽ በ11ኛው እርምጃ አንዱን ቢሾፕ ዳግመኛ ሲያንቀሳቅስ፣ ፊሸር ፈረሱን በሰሌዳው ጠርዝ ለመማረክ ክፍት አድርጎ አኖረው፤ በ17ኛው ደግሞ ንግሥቱን አስበልቶ በምትኩ ሩክ፣ ሁለት ቢሾፖችና አንድ ወታደር አገኘ። ስሕተቱ ተራ ነበር፤ ድንቅ የሆነው ቅጣቱ ነው፣ ምክንያቱም ፊሸር ንግሥቱን የሰጠው ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስልቶ ነው።

ስለዚህ በደባርቅም ሆነ በዳባት ጨዋታ የሚገመግም መምህር የተመዘገቡትን እርምጃዎች አንድ በአንድ ተከትሎ፣ ሚዛኑ የተገለበጠበትን እርምጃ ያግኝ፤ እዚያም አሸናፊው ዕቅድ እንደ ነበረው፣ ተሸናፊውም የተሻለ መከላከያ እያለው እንደ ሳተ ወይም ምርጫ እንዳጣ ይለይ። የተጋጣሚ ሰዓት ስላለቀ ወይም ንግሥቱን በዝንጋታ ስላስበላ ብቻ የተገኘ ድል ሙሉ ነጥብ ያስገኛል፤ ጥሩ ጨዋታ ተብሎ ግን ሊቆጠር አይገባም።