ግጥም የሌለው ዜማ ከአሥር ስንት ይሰጠዋል?

በጎጃም ዘፈን የሚመዘነው በግጥሙ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ምንም ቢያሳምረው ስንኙ ካልመታ ሰው ወደ ወሬው ይመለሳል፤ ድምፁ የሻከረ ዘፋኝ ግን ወርቋ የተደበቀች አንዲት ስንኝ ከጣለ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። በዲማና በዋሸራ ቅኔ ሲዘረፍበት የኖረ አገር ነውና አይፈረድበትም። እኔም ሠርግ ላይ ኪቦርድ መጫወት ስጀምር ሥራዬ ለግጥሙ ምንጣፍ መሆን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን እምነቴን ያናጋው የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ነው።

የጌም ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ቃል የለውም። መጨረሻም የለውም፤ ተጫዋቹ ደረጃውን እስኪያልፍ ድረስ ያው ዜማ ይዞራል። ተጫዋቹ ጎበዝ ከሆነ ሁለቴ ይሰማዋል፤ እንደ እኔ ያለው ከሆነ ሃምሳ ጊዜ። ስለዚህ አልበም የምንመዝንበት ሚዛን እዚህ አይሠራም። ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ልብ ከሰረቀ ሥራውን ጨርሷል። የጌም ዜማ ፈተናው የሚጀምረው ከአሥረኛው ዙር በኋላ ነው።

እንጅባራና ዳንግላ ላይ እንዲህ ያለውን ዜማ የምንለዋወጥ ጥቂት ሰዎች አለን፤ ገሚሳችን የሠርግ ሙዚቀኞች፣ ገሚሳችን ስልክና ኮምፒውተር ጠጋኞች። ወቅታችን ሠርግ የማይኖርበት ጊዜ ነው፤ በተለይ በክረምት፣ የአዊ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲል። ዜማው በቴሌግራም ይላካል፤ ኔትወርክ ሲያስቸግር በፍላሽ ይዞራል። ላኪው የጌሙን ስም አይናገርም። ስሙ ከታወቀ ማንም ሙዚቃውን አይሰማም፤ የልጅነቱን ጌም ያስታውስና ለራሱ ልጅነት ዘጠኝ ሰጥቶ ይቀመጣል። ስክሪንም አይከፈትም። ዜማው እየዞረ አንዱ ገመድ ይጠቀልላል፣ አንዱ ቡና ይቆላል፣ አንዱ የተበላሸ ስልክ ይፈታል። እጁን አጣጥፎ የሚያዳምጥ ሰው ነጥብ እንዲሰጥ አንፈቅድም፤ ሙዚቃው የተሠራው እጁ ሥራ ለያዘ ሰው ነውና። ሥራውን ሳያቋርጥ፣ «ኧረ ዝጉት!» ሳይል የቆየ ሰው ከአምስት በላይ መስጠት ይችላል። ምክንያቱን ግን መናገር አለበት። «ደስ ይላል» ምክንያት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር በእኛ አካባቢ አብዛኛው ልጅ የጌም ሙዚቃ የሚሰማው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ንጉሡ እግር ኳስ ነው፣ ፔስና ፊፋ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚሰማው የተመልካቹ ጩኸትና የእንግሊዝኛው ኮሜንታተር ነው። ሙዚቃው ያለው ቡድን እስኪመረጥ ድረስ ነው፤ ያኔም ተራ ጠባቂው «ቶሎ በል እንጂ!» እያለ ስለሚጮህ አንድም ዘፈን አያልቅም። የብዙ ዘፈን መጀመሪያ በቃሉ የያዘ፣ የአንዱንም መጨረሻ የማያውቅ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። እነዚህ ዘፈኖች ደግሞ ከገበያ የተገዙ እንጂ ለጌሙ የተሠሩ አይደሉም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካናዳ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ማለትም ዘ ዊኬንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ፎርትናይት ፌስቲቫል የተባለው ጨዋታ ውስጥ ሲገባ ከወዳጆቻችን አንዱ በኩራት ዘፈኑን ላከልን። ኩራቱን ተካፈልን፤ ነጥብ ግን አልሰጠንም። ጌም ውስጥ የገባ ዘፈንና ለጌም የተሠራ ሙዚቃ ለየቅል ናቸው።

ለመማር ከሆነ የጥንቶቹ ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓን ውስጥ የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ሙዚቃው ወደ ታች የሚወርዱ አራት ወፍራም ድምፆች ናቸው፤ ሌላ የለውም። ጠላት እየተመናመነ ሲሄድ አራቱ ድምፆች እየፈጠኑ ይመጣሉ። ዜማ ነው ለማለት ይከብዳል፤ የተጫዋቹን ልብ ግን ይዞት ይሮጣል። የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ጭፈራው ሲግል ምቱን ቀስ እያልክ ከፍ ካላደረግህ እስክስታው ይበርዳል፤ ባንዴ ካፈጠንከው ደግሞ ትልልቆቹ ሰዎች ይቀመጡብሃል። ስምንት ሰጥተነዋል።

ሱፐር ማሪዮ ብሮስን (እ.ኤ.አ. 1985) ስንመዝን ግን ተጣልተን ነበር። ኮጂ ኮንዶ ዜማውን የሠራበት የኒንቴንዶ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ለዜማ የሚሆኑ፣ አንዱ ለቤዝ፣ አንዱ እንደ ከበሮ የሚያገለግል ሹክሹክታ፣ የመጨረሻው ደግሞ ተቀድቶ የገባ አጭር ድምፅ ማጫወቻ። አንዳንዶቻችን «የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል» አሉ። እኔ ዘጠኝ ሰጠሁ፤ አሁንም አልቀንስም። ድምፅ ሲያጥር እያንዳንዱ ኖታ ለምን እንዳለ መልስ ሊኖረው ይገባል። እኛ ዛሬ መቶ ዓይነት ድምፅ ባለው ኪቦርድ ላይ ሁሉንም ደራርበን እንጭንና ዜማው የት እንደገባ ይጠፋናል። እኔ አንድ ዘፈን አልዋጥልህ ሲለኝ ከሦስት ድምፅ በቀር ሁሉንም አጠፋለሁ፤ በሦስት ድምፅ ያልቆመ በሠላሳም አይቆምም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2023 የማሪዮን ዜማ ከሚጠበቁ የድምፅ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ የመጀመሪያው የጌም ሙዚቃ ሆኗል። የ«ቆርቆሮ» ወገን ይህን ከሰማ በኋላ ወደ ሰባት ከፍ አደረገ። ለዝና ሲባል ነጥብ መጨመር ደንባችን አይፈቅድም ነበር፤ ግን ማን ይከራከራል።

ቴትሪስ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከጌም ቦይ ጋር የወጣው ቴትሪስ ታዋቂ ዜማው የሩሲያ ባህላዊ ዘፈን ነው፤ ለማሽኑ ያዘጋጀው ሂሮካዙ ታናካ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ሲሰማው «የኛን ዘፈን ይመስላል» ይላል። ወደ ትዝታ ማይነር ላስገባው ብዬ ኪቦርድ ላይ ተቀመጥሁ። የትዝታው ማይነር ከላ ሲነሣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። የሩሲያው ዜማ የመጀመሪያ ሐረግ ግን ከላ እስከ ሚ አንድ በአንድ ይረግጣል፤ ሬ ላይ መቆም አለበት፣ ቅኝቱ ደግሞ ሬን አያውቅም። ሬን ስትነቅልበት እርከን እንደጎደለው መሰላል ይሆናል፤ መውጣት ይቻላል፣ ግን እግርህ እያየ ነው። ምቱን ወደ ችክችካ ስቀይረው ትንሽ ነፍስ ዘራ። ዜማው ግን አልተዋሐደም። ከዚያ ወዲህ የውጭ ዜማ ወደ ቅኝታችን የመጎተቱን ነገር ትቼዋለሁ፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ከሥሩ ለጌም የተሠራ ዜማ ይሻላል።

ቃል የሌለውን ዜማ መስማት ለአዊ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እዚህ በአንድ ሠርግ ላይ በአማርኛም በአዊኛም ይዘፈናል። ከሌላ አገር የመጣ የሙሽራው ዘመድ አዊኛ አንዲት ቃል ላይሰማ ይችላል፤ ዘፈኑ ሲነሣ ግን ከሁሉ ቀድሞ ሲነሣ አየዋለሁ። ሳያውቀው ምትና ዜማ እየመዘነ ነው። ማግስቱን የጌም ሙዚቃ ብታሰማው «ግጥም የለውም» ይልሃል። ትናንት የጨፈረበትስ ለእሱ ምን ግጥም ነበረው?

በሚዛናችን ላይ ትልቁን ነጥብ የሚወስደው ግን ሽግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሉካስአርትስ በተባለው የጌም ኩባንያ ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል አይሙዝ የተባለ ዘዴ ሠሩ፤ መጀመሪያ የታየውም መንኪ አይላንድ 2 ላይ ነው። ተጫዋቹ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሄድ ሙዚቃው አይቆረጥም፤ የያዘውን ሐረግ አሟልቶ፣ በአጭር መሻገሪያ ዜማ አድርጎ ወደ አዲሱ ይገባል። ዛሬ ብዙ ጌም በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ ጠላት ሲቀርብ ከበሮው ይጨመራል፣ ሲርቅ ይወጣል፤ ዜማው ግን ያው ነው። ይህን ሳነብ የታየኝ አዝማሪ ነው። አዝማሪ ዜማውን ይዞ ይጠብቃል፤ አንዱ «ተቀበል!» እስኪለው ማሲንቆውን ያስረዝማል፣ ስንኙን ሲቀበል ያጠብቃል፣ ሳቁ ሲያበቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዜማው አንዴም አይቋረጥም። ማይክል ላንድ በኮምፒውተር የደከመበትን ነገር የኛ ሰው ከአንድ ጭራ ክር ሲያወጣው ኖሯል። በዚህ ሚዛን የዛሬ የስልክ ጌሞች አብዛኞቹ ከአራት አይበልጡም። ተጫዋቹ በየሃያ ሴኮንዱ ይሞታል፣ ሙዚቃው በሐረጉ መካከል ይቀጫል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ የዜማው ሁለተኛ ክፍል ለማንም አይደርስም።

በነጥብ ያልተስማማንበት አንድ ሥራ ስለ ራሳችን ነው። ሲቪላይዜሽን 5 በተባለው ጌም ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ጎድስ ኤንድ ኪንግስ በተባለው ማስፋፊያ ኢትዮጵያ ገባች፤ መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ የሚናገሩትም አማርኛ ነው። ለእሳቸው አሜሪካዊው ጄፍ ኖር የሠራው ሙዚቃ መነሻው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ነው። መዝሙሩ ራሱ ረጅም መንገድ የመጣ ነው። ራስ ተፈሪ፣ የኋላው ኃይለ ሥላሴ፣ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉትን፣ ወደ አዲስ አበባ ሲያስመጡ የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሯቸው መጣ። ዜማው የእሱ ነው፤ ቃሉ ደግሞ የደብረ ኤልያሱ ጎጃሜ የዮፍታሔ ንጉሤ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሡ በዓል ተዘመረ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም አገለገለ። አንድ አርመናዊ የደረሰው ዜማ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ በአሜሪካዊ እጅ ተመልሶ ኮምፒውተራችን ላይ መጣ።

ይህንን ዜማ ዳንግላ ላይ ለአንድ ጡረታ ለወጡ መምህር አሰማኋቸው።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከጌም ነው ጋሼ።»

«ከምን?»

«ከኮምፒውተር ጨዋታ።»

ዝም ብለው ደጋግመው ሰሙት። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የዘመሩት ነው። ከአሥር ስንት ይሰጡታል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰባት።»

«ምን ጎደለው?»

«ቃሉ የለማ ልጄ!»

የጎጃም ሚዛን ማለት ይህ ነው። እኔ ስምንት ሰጥቼው ነበር፤ ምክንያቴ ሌላ ነው። ጌሙ ውስጥ ሰላም ሲሆን አንድ ዓይነት፣ ጦርነት ሲሆን ሌላ ዓይነት ሆኖ ይመጣል፤ ሥሩ ግን አይጠፋም። አንድን ዜማ ሳይሰብሩ ለሁለት ስሜት ማዋል ከባድ ሙያ ነው። የቀነስኩት በአጃቢው ኦርኬስትራ ውስጥ አንድም የኛ መሣሪያ ጎልቶ ስላልተሰማኝ ነው። የሲቪላይዜሽን 4ን (እ.ኤ.አ. 2005) መክፈቻ ያነሣ ሰውም አለ፤ ክሪስቶፈር ቲን የአባታችን ሆይን ጸሎት በስዋሂሊ ያዜመበት ባባ ዬቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ግራሚ ያገኘ የመጀመሪያው የጌም ሙዚቃ ሆኗል። እኒያ መምህር ይህንንም ሰምተው ዘጠኝ ሰጡት፤ ስዋሂሊ ግን አይችሉም። ሚዛናቸው መቼ እንደተለወጠ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን ጌም የሚሠሩ ልጆች እዚሁ አገር አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እኔ የምመኘው የፈረስ ጌም ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ጌሙን አስቀድሞ አይቶታል። ሙዚቃውም አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ዜማ ይበቃል፤ ፈረሱ ሲራመድ ዋሽንት ብቻ፣ በሶምሶማ ሲሄድ ማሲንቆ ይጨመርበት፣ በግልቢያ ከበሮው ይግባ። የዋሽንቱ ቀርከሃ እዚሁ ባንጃ ይበቅላል።

ስለዚህ ጌም ለምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች የምለምነው አለኝ። ነፃ ሙዚቃ ከኢንተርኔት ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ማሲንቆ መቺና አንድ ዋሽንት ነፊ ጥሩ። ዋሽንት ነፊው ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸውን ዋሽንቶቹን ሁሉ ይዞ ይምጣ፤ አንዱ ለሁሉም ዜማ አይሆንም። የዜማው መጨረሻ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ይሁን፣ እየቀነሰ አይጥፋ፤ ያለበለዚያ አይዞርም። አዊ ላይ የምትቀዱ ከሆነ በበጋ ቅዱ፤ በክረምት የጣራው ቆርቆሮ ከማይኩ አይወጣም። ለሙዚቀኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ክፈሉት፤ ስሙንም ጌሙ ውስጥ ጻፉለት።