በቤት ስለሚሰጥ ትምህርትና ስለ ከፋዩ

ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ስንቱ ልጅ ደብተሩን ሰቅሎ ከብት ሊጠብቅ ወረደ! በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ቤት አባት ፊደል ሲያስቈጥር፥ ታላቅ እኅት ሒሳብ ስታስጠና ማየት የተለመደ ሆነ። እኔም በሁለቱ ከተሞች ብዙ ዘመን አስተምሬ በጡረታ የተቀመጥሁ ሰው ስለሆንሁ፥ የጎረቤቶቼን ልጆች በግቢዬ ሰብስቤ አስተምር ነበር።

አንድ ቀን ማታ ሁለት ወጣቶች በፊቴ ተከራከሩ። አንደኛው፥ «መንግሥት ለተማሪ ቤት የሚያወጣውን ገንዘብ ልጁን በቤቱ ለሚያስተምር ቤተ ሰብ ይስጥ» አለ። ሁለተኛው፥ «ገንዘቡን የተቀበለ ቤት ነጻነቱን ሸጠ ማለት ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲል መለሰለት። ከዚያም «መምህር፥ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። ለመፍረድ አልቸኰልሁም። «መጀመሪያ ፍቅር እስከ መቃብርን እንደገና አንብቡ» ብዬ አሰናበትኋቸው። የፍቅር ታሪክ ለዚህ ክርክር ምን ይረባል ብለው ሳቁብኝ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ግን ለእናንተም ለአንባቢዎቼ ላስረዳ።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። በመጽሐፉ ውስጥ በዛብህ የቆሎ ተማሪ ሆኖ የተንከራተተ፥ በኋላም በዕውቀቱ የተከበረ ሰው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን በቤት እንዲያስተምርላቸው አደረጉት። ይህ የሆነው ዲማ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም የብቸና ጎረቤት ነው። እንግዲህ በልብ ወለዳችን ከታወቁት የቤት ውስጥ ተማሪ ቤቶች አንዱ የተተከለው በኛው አገር ነው። መንግሥት አልከፈለበትም፤ ተቈጣጣሪም አልላከበትም። ነጻ ቤት ማለት ይህ ነው ብለን ልንመሰክር እንችል ነበር።

ይሁንና ሁለት ነገር እንጠይቅ። የመጀመሪያው፥ ነጻነቱ የማን ነበር? የፊታውራሪ ነበር። ሰብለ ወንጌል ንባብ እንድታውቅ ተፈቀደላት፤ ባሏን እንድትመርጥ ግን አልተፈቀደላትም። አስተማሪውም የዘር ሐረግ የሌለው ድኻ ስለሆነ፥ ልቡን ለልጅቱ በሰጠ ጊዜ ከመሸሽ በቀር መድኅን አላገኘም። አባት በቤቱ ነጻ ሲሆን፥ በቤቱ ያሉት ሁሉ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው፥ ከፋዩ ማን ነበር? ፊታውራሪ የሚኖሩት ከባላገሩ በሚያገኙት ነው። ባላገሩ ከልማድ በላይ የሆነውን አንከፍልም ብሎ በአበጀ በለው መሪነት ተነሣባቸው፤ ሊወጉት ወጥተውም ተማረኩ። ብዙ አንባቢ ለሁለቱ ፍቅረኞች ያለቅስና የባላገሩን ነገር እንደ ጨዋታ ያልፈዋል። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ አነብባለሁ። ለሰብለ ወንጌል ትምህርት የከፈሉት፥ የራሳቸውን ልጆች ማስተማር ያልቻሉ ገበሬዎች ናቸው። ያ ቤት ከመንግሥት እጅ ነጻ ቢሆንም ከሰው ላብ ነጻ አልነበረም።

ስለ ቆሎ ተማሪ ቤትም እንዲሁ ማለት ይቻላል። የንባብ ቤት፥ የዜማ ቤት፥ የቅኔ ቤት፥ የመጻሕፍት ቤት ያለ መንግሥት በጀት ለዘመናት ኖረዋል እያልን እንኰራለን። ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን ቁራሽ በልቶ መማሩ እውነት ነው። ነገር ግን ታላላቆቹ አድባራት ነገሥታት የሰጧቸው መሬት ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን፥ ያ ድጋፍ በአንድ አዋጅ ተቋረጠ። የጎረቤት ቁራሽ ግን አልተቋረጠም። ከዚህ የምንማረው፥ ከላይ የመጣ ስጦታ ከላይ ሊነሣ እንደሚችል ነው። ደግሞም ያ የቁራሽ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ለወንድ ልጅ እንጂ ለሴት ልጅ በር እንዳልከፈተ አንርሳ።

የሁለተኛው ወጣት ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የብቸና ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው ተነሥተው ነበር። ገማቹ ዛሬ ሰብል ቈጥሮ ነገ መሬት ይለካል፥ ከዚያም ርስታችን ይነካል ብለው ሰጉ። ለመቀበል የመጣ እንደሚቈጥር ሁሉ፥ ለመስጠት የመጣም ይቈጥራል። በአሜሪካ አገር የአሪዞና ግዛት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2022 ለማንኛውም ቤተ ሰብ ልጁን ከመንግሥት ተማሪ ቤት ውጭ የሚያስተምርበትን ገንዘብ ፈቀደ። ገንዘቡን የሚወስድ ወላጅ ግን ከግዛቱ ጋር ውል ይፈራረማል፤ በሕጉም ዐይን በራሱ ወጪ በቤቱ ከሚያስተምረው ጋር አይቈጠርም። እንግዲህ በባለጠጋው አገርም ገንዘብ ያለ ውል አልተገኘም።

ነገር ግን ገንዘብ አልቀበልም ያለ ሁሉ ነጻ ይሆናል ወይ? እኔ የተማርሁት በሚስዮን ነው። ወጪያችንን የሚችሉት ባሕር ማዶ ያሉ ምእመናን ነበሩ። ሆኖም በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮን ደንብ የትኛው ሚስዮን በየትኛው አገር እንዲሠራ፥ በምን ቋንቋ እንዲያስተምር ይወስን ነበር። ጀርመን አገርም ልጅን ከተማሪ ቤት አስቀርቶ በቤት ብቻ ማስተማር፥ በራስ ወጪ ቢሆን እንኳ፥ ክልክል ነው። ስለዚህ ሕግ ሳይከፍልም ያዝዛል። ጥያቄው መንግሥት በልጁ ነገር ይገባል ወይስ አይገባም አይደለም፤ እስከ የት ይግባ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። በግቢዬ ከሚማሩት መካከል አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሒሳብ ከሁሉ ትበልጥ ነበር። አንድ ሰኞ ቀረች፤ ማክሰኞም ቀረች። ስጠይቅ ተድራለች አሉኝ። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ «ተማሪ ቤቱ ተዘጋ፥ ዘመኑ ከፋ፥ ቤት ላሲዛት ብዬ ነው» አለኝ። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት እንደሚል ያውቃል። ቀድሞ ብትቀር ስሟ በመዝገብ ስለሚጠራ፥ ለምን ቀረች ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ነበር። በኔ ግቢ ግን መዝገብ አልነበረም። እኔም መዝገብ መያዝ የመንግሥት ሥራ ነው ብዬ በነጻነቴ ስኰራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ኵራት አጥንቴን ይወጋኛል።

ስለዚህ ለሁለቱ ወጣቶች የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነው። መንግሥት ይርዳ። ድኻው ግብር ከፍሎ ሳለ ልጁ ያለ መጽሐፍ ሲቀር፥ ነጻ ነህ ብሎ ማመስገን ስድብ ነው። ርዳታው ግን ለአባወራው ኪስ የሚቈጠር ብር አይሁን፤ መጽሐፍ፥ የአስተማሪ ደመወዝና የፈተና መቀመጫ ይሁን። መንግሥትም በምላሹ የሚጠይቀው ጥቂት ይሁን፤ ልጁ ያነብባል ወይ፥ ያሰላል ወይ፥ በቦታው አለ ወይ? ሃይማኖቱን፥ ምግባሩንና የትምህርቱን ሰዓት ለቤቱ ይተው። መዝገቡንም ወላጆች፥ ሽማግሌዎችና አስተማሪው በጋራ ይያዙት፤ ምክንያቱም ባለሥልጣን ይለወጣል፥ ጎረቤት ግን ይቀራል። አልቀበልም የሚል ቤት ካለም መብቱ ነው፤ የልጁ ስም ግን ከመዝገቡ አይጥፋ።

እኔ ራሴ ጡረታዬን የማገኘው ከመንግሥት ነውና፥ ለከፋዩ አድልተሃል የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ይበለኝ፤ ነገሬን መዝኖ ይፍረድ። እናንተ ልጆቼ ግን ነገ አባትና እናት ስትሆኑ፥ ስለ ቤታችሁ ነጻነት ከመናገራችሁ በፊት በቤታችሁ ያለችውን ታናሺቱን ልጅ ጠይቋት። እሷ ነጻ ነኝ ካለች፥ ያን ጊዜ ቤታችሁ ነጻ ነው።