ከወለሉ ሥር ያለው

ሚኒሶታ ውስጥ ያገለገለ ፖንቱን ጀልባ ሊገዙ ያሰቡ ወገኖቼ ሲያማክሩኝ፣ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ገንዘብ አይደለም። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትወጡበት?» እላለሁ። አራት ነን ያለ ቤተሰብ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሲደርስ አክስት፣ የክርስትና ልጅና ጎረቤት ተጨምረው አሥራ ሁለት ይሆናል። የምግቡ ሰሃን፣ የለስላሳው ሳጥንና የቡናው ዕቃም አብረው ይጫናሉ። ጀልባው መመረጥ ያለበት ለዚያች ቅዳሜ ነው።

ፖንቱን የዚሁ አገር ልጅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አምብሮዝ ዊረስ የተባለ የሚኒሶታ ገበሬ፣ ሪችመንድ ከተማ አካባቢ፣ የብረት በርሜሎችን ጫፍ ለጫፍ በይዶ በላያቸው የእንጨት ወለል ዘረጋ። ዛሬ በርሜሉ በአሉሚኒየም ቱቦ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ሰውን የሚሸከመው ቱቦው ውስጥ የታሸገው አየር ነው። ገዢው ግን ወንበሩን፣ ጥላውንና ድምፅ ማጉያውን ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። የወንበር ልባስ ይቀየራል፤ ቱቦ መቀየር ግን ሌላ ጀልባ እንደ መግዛት ነው።

ወርዳቸው 23 እና 25 ኢንች የሆኑ ቱቦዎች በዓይን ብዙም አይለያዩም። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ግን ሰፊው 18 በመቶ ያህል የበለጠ የመሸከም አቅም አለው። 22 ጫማ በሚረዝሙ ሁለት ቱቦዎች ላይ ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 650 ኪሎ ይጠጋል፤ የስምንት ጎልማሶች ክብደት ማለት ነው። እኔ ሰውና ዕቃ ሁሉ ተጭኖ ቱቦው ከግማሽ በላይ ውሃ ውስጥ ከገባ ያንን ጀልባ ለቤተሰብ አልመርጥም።

እናቶች «ልጄ፣ አይገለበጥም ወይ?» ይሉኛል። ቱቦዎቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ በጎን በኩል ያን ያህል አያሰጋም። የምፈራው ፊቱን ነው። ፎቶ ለመነሳት ሁሉም ወደ ፊት ሲሰበሰብ አፍንጫው ይደፋል፤ በዚያ ላይ ነጂው በድንገት ነዳጅ ከቀነሰ ወይም የሌላ ጀልባ ማዕበል ከመጣ ውሃው ወለሉ ላይ ይወጣል። ሚኒቶንካን በመሰለ፣ ትልልቅ ጀልባዎች በሚመላለሱበት ሐይቅ ለሚወጣ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡ ከተገኘ ባለ ሦስት ቱቦውን ግዙ እላለሁ። ለትንሽና ጸጥተኛ ሐይቅ ሁለቱ ይበቃሉ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ዋጋም ከጀልባው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ አንድ መኖር አለበት። በሚኒሶታ ሕግ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲጓዝ መልበስ ግዴታው ነው።

ምርመራው ተንበርክኮ ነው። ሐይቁ ቱቦው ላይ የተወውን የውሃ መስመር እከተላለሁ፤ በአንዱ ጎን ከፍ ብሎ ከታየ በዚያው ጎን ያለው ቱቦ ውሃ ሳይዝ አይቀርም። እዚህ አገር ይህ ከባድ ነገር ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ብየዳውን ይከፍተዋል። ትንሽ ስርጉድ አያስጨንቀኝም፤ ብየዳው አጠገብ ያለ ስንጥቅ ግን ያስጨንቀኛል። ቀጥሎ ምንጣፉ ላይ በተረከዜ እየረገጥሁ እሄዳለሁ፣ በተለይ በበሩና በሞተሩ በኩል። ወለሉ ወደ ታች ከሰመጠ ከምንጣፉ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሷል። አዲስ የተነጠፈ ምንጣፍ ካየሁ ደግሞ ከሥር ገብቼ እንጨቱን ሳላይ አልመለስም።

የሞተሩን የታችኛውን ማርሽ ዘይት ጥቂት አፍስሼ አየዋለሁ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጉልበቱን በተመለከተ አሥር ሰው ለጫነ ባለ 22 ጫማ ጀልባ 60 የፈረስ ጉልበት ይደክማል፤ ከ90 እስከ 115 ያለው ደህና ነው። ልጆችን በጎማ መጎተት ለሚፈልግ ከ150 ጀምሮ ይታይ፣ ጀልባው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ከሚፈቅደው ሳያልፍ።

ጊዜውን በሚመለከት መስከረም ጥሩ ወር ነው። ሻጩ የክረምት ማቆሚያ ኪራይ ስለሚያስብ በዋጋ ይለሳለሳል፣ ሐይቁም ገና በረዶ አልሆነም። ሞተሩ ለክረምት ተዘጋጅቶ ጀልባው በሸራ ከተሸፈነ በኋላ ውሃ ላይ ሊሞክሩት አይቻልም። ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ ሻጩን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ዘመድ አዝማዱን ይዛችሁ ውጡ። ሐይቁ መሐል ስትደርሱ ጀልባው ቆሞ ሳለ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ፊት ይጠጉ፤ እናንተ ከኋላ ሆናችሁ አፍንጫው ምን ያህል እንደሚወርድ ተመልከቱ።