ኧረ ይህን ስቱዲዮ እዩልኝ!

የወሎዋ መካነ ሰላም ልጅ ሆኜ ስለ አንድ የአሜሪካ ማተሚያ ቤት እንዲህ አፌ እስኪደርቅ ማውራቴ ቢያስገርማችሁ አልፈርድባችሁም። የቡና ጎረቤቶቼማ ገና ስገባ «መጣ ደግሞ» ማለት ጀምረዋል። ምን ላድርግ! ያገኘሁትን ነገር ለሰው ሁሉ ካላወራሁ አያስችለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚኒያፖሊስ በተባለው የሚኒሶታ ከተማ ሃይፖይንት የሚባል የህትመት ጥበብ ማዕከል አለ። ካርላ ማክግራዝና ኮል ሮጀርስ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቋቋሙት፤ በ2009 ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ሌክ ጎዳና ላይ ወዳለው አዲስ ቤቱ ገባ። «ታዲያ ምን ይደንቃል? ማተሚያ ቤት ቤት ቀየረ!» ትሉ ይሆናል። የሚደንቀውማ የማን ማተሚያ ቤት እንደሆነ ነው። ጋዜጣና ደረሰኝ የሚያትም እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰዓሊ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን፣ ቢገዛውም ኩሽናው ውስጥ የማያስገባውን ከባድ መጭመቂያ ማሽን፣ አባል የሆነ ሁሉ በየተራው የሚሠራበት ቤት ነው። ልክ እንደ ወፍጮ ቤት! እህልህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ወረፋህን ትጠብቃለህ፣ ዱቄትህን ይዘህ ትሄዳለህ። የሰፈሩ ተማሪ ከአስተማሪው ጋር መጥቶ የመጀመሪያ ህትመቱን በሚሠራበት ጣሪያ ሥር፣ ዓለም ያወቀው ሰዓሊ ከማዕከሉ ዋና አታሚ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይሠራል። ከተማው በሙሉ ተጠርቶ በነፃ የሚያትምበት ቀን ሁሉ አላቸው።

እኔ ወደዚህ ጉድ የገባሁት በጁሊ ምህረቱ በኩል ነው። ጁሊ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሚሺጋን የሄደችው፣ ዛሬ ሥራዎቿ በታላላቅ ሙዚየሞች የሚሰቀሉላት ሰዓሊ ናት። በ2003 ዎከር የተባለው የሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ማዕከል ጋብዟት ሄደች። እዚያ ሥዕል አሳይታ ብቻ አልተመለሰችም። በከተማዋ ከሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ጋር ሆና፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው የሚል ሥራ ሠራች። (ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህን አባባል ግነት ነው አይልም።) በማግሥቱ ዓመት፣ በ2004፣ ከሃይፖይንት ጋር ሆና «ኢንትሮፒያ» የተባለውን ህትመት አወጣች።

ያንን ህትመት ያላየ ሰው እንዴት ይነገረዋል! ጭረት በጭረት ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ ተነባብሯል፤ ከሩቅ ስታዩት አውሎ ነፋስ ያስነሳው ከተማ ይመስላል፤ ቀረብ ስትሉ እያንዳንዷ ቀጭን መስመር እጅ እንደነካት ታውቃላችሁ። የተሠራው በሊቶግራፊና በሲልክ ስክሪን ነው። ሲልክ ስክሪኑን እንኳ ታውቁታላችሁ፤ ለማኅበርና ለሩጫ የምትለብሱት ቲሸርት ላይ ያለው ጽሑፍ የሚታተመው በእሱ ነው። እኔን ያሳበደኝ ሊቶግራፊው ነው።

በጥንቱ አሠራር ሰዓሊው የሚስለው ድንጋይ ላይ ነው። ገጹ ተፍቆ የለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ቅባት ባለው እርሳስ ይስልበታል። ድንጋዩ በኬሚካል ይታከምና በውሃ ይረጥባል። ከዚያ ቀለም የጠጣው ሩሎ ሲያልፍበት፣ እርጥቡ ቦታ ቀለሙን አልቀበልም ይላል፤ ቅባት የነካው ጭረት ብቻ ይቀበላል። ዘይትና ውሃ አይስማሙም፤ ምሥጢሩ በቃ ይኸው ነው! ወረቀቱ ይነጠፍበታል፣ ማሽኑ ይጫነዋል፣ ከዚያ አታሚው የወረቀቱን ሁለት ጠርዝ ይዞ ቀስ እያለ ይገልጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት የሠራውም ሰው ምን እንደሚወጣ በእርግጠኝነት አያውቅም። ይህንን ብልሃት የፈለሰፈው አሎይስ ዜኔፌልደር የሚባል ባቫሪያ ይኖር የነበረ ተውኔት ጸሐፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ተውኔቱን በርካሽ ማሳተሚያ ሲፈልግ ነው ያገኘው። የማሳተሚያ ገንዘብ ያጣችሁ ደራስያን፣ አይዟችሁ።

እንግዲህ ባለ ብዙ ቀለም ህትመት ማለት ይህንን ሁሉ ለእያንዳንዱ ቀለም እንደገና መድገም ነው። ወረቀቱ በእያንዳንዱ ቀለም ሥር ያልፋል፤ ፀጉር ታህል ብትዛነፍ የቀደመው ድካም ሁሉ ገደል ገባ። ሁሉም ሲያበቃ ሰዓሊው ከሥር በእርሳስ ቁጥር ይጽፋል፤ 5/40 ቢል ከአርባው አምስተኛው ማለት ነው። አርባውም የእጁ ሥራ ነው፤ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም። አንድ ሥዕል አንድ ሀብታም ሳሎን ገብቶ ከሚቀር አርባ ቤት ቢገባ አይሻልም?

እዚህ ላይ ነው ልቤ ወደ አገሬ የሚሮጠው። የእኛ የምዕራብ ወሎ ደጋ መጽሐፍ እጅ ላይ ያደገ አገር ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የዚያው ምድር ሰው ነው፤ የሳይንቷ ተድባበ ማርያምም ቅርባችን ናት። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ከጥቀርሻ ቀለም ይበጠበጣል፤ መቃ ይቀረጻል፤ ቁም ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፊደል በፊደል፣ ወራት ቆጥሮ አንዲት መጽሐፍ ያወጣል። ቀለም ማዘጋጀት፣ ስለት መያዝ፣ አንድ መስመር ላይ ቀኑን ሙሉ መታገሥ የሚያውቅ እጅ እዚያ አለ። ማተሚያው ብቻ ነው የጎደለው።

ደግሞም ጥበቡ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሃምቡርግ ተወልዶ ብራዚል የገባውና የኖረባትን የባሂያን ስም ለራሱ ስም ያደረገው ሃንሰን ባሂያ፣ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ህትመት አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ ጠልሰሙንና የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ከአዲሱ ጥበብ ጋር አዋሕዶ በቀርከሃ ስንጥር ላይ የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የዳካር ቢየናሌን ሽልማት ያገኘው ያው ዘሪሁን።

የእንጨት ህትመትማ ማሽን እንኳ አይጠይቅም! አንድ ዋንዛ ጣውላ አልስልሳችሁ፣ ነጭ የሚቀረውን በመሮ ትፈለፍላላችሁ፣ ከፍ ብሎ የቀረው ላይ ቀለም በሩሎ ትቀባላችሁ፣ ወረቀት ትጥሉበትና ጀርባውን በማንኪያ ታሻላችሁ። በማንኪያ! አንዳንድ የጃፓንና የአውሮፓ ጥንታዊ ህትመቶችም እንዲሁ ጀርባቸው በእጅ ታሽቶ ነው የታተሙት። አስቸጋሪው ሁሉም ነገር ተገልብጦ መቀረጹ ነው። «መካነ ሰላም» ብላችሁ ለመቅረጽ ሞክሩ፤ ከስድስቱ ፊደላት «ሰ» ብቻ ናት ብዙም ሳትቸገሩ የምትወጣው፤ «መ»ና «ነ» ግን መልሰው ከዜሮ ፊደል ያስቆጥሯችኋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እኛ አገር ለጥበብ ተብሎ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው አዳራሽ ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ሥዕል ይሰቀላል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የሃይፖይንት ሰዎች ጋለሪም አላቸው፤ መግቢያውም ነፃ ነው፤ ግን ቤቱን ቤት ያደረገው እጅ በቀለም የሚጨማለቅበት ክፍል ነው። የሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 የማዕከሉን የሃያ ዓመት ሥራ ለብቻው ኤግዚቢሽን አድርጎ ያቀረበው ያ ክፍል ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ መካነ ሰላም ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ክፍል ስጡ። ጣውላ፣ መሮ፣ ሩሎ፣ ቀለምና ማንኪያ ይበቃል፤ ማሽኑ ቀስ ብሎ ይደርሳል። የአካባቢያችን የሳይንትና የቦረና ልጆች የደንቆሮን ጫካ ጭላዳ ቀርጸው ሲያትሙ ማየት የማይፈልግ ማን አለ? እናንተ ሚኒሶታ ያላችሁ ዘመዶቼ ደግሞ ሰበብ የላችሁም፤ 912 ዌስት ሌክ ጎዳና ሂዱና ግቡ፣ ልጆቻችሁንም ያዙ።