በርሊንን በብስክሌት፦ ጥሩ አስጎብኚ በምን ይታወቃል?

በርሊን ለጥ ያለች ከተማ ናት። አቀበት ስለማይበዛባት ብስክሌት መንዳት ለቻለ ሁሉ ትመቻለች፤ በብስክሌት አስጎበኛለሁ ባዩም ብዙ ነው። አብዛኛው ክፉ አይደለም፣ ጥሩው ግን ጥቂት ነው። ጎብኚዎች ሲመለሱ የሚያወድሱት የአስጎብኚውን ቀልድና የዕውቀቱን ብዛት ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው መንገዱን ነው። በሦስት ሰዓት ተኩል ያየነውን ሁሉ በአውቶቡስ ወይም በእግር ማየት ይቻል ከነበረ፣ ብስክሌቱ የተከራየው ለጌጥ ነው።

ይህን ከሁሉ የሚያስረዳው ግንቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ምዕራብ በርሊንን ዙሪያዋን የከበበው ግንብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። አሁን አብዛኛው የለም። በመሀል ከተማ ግን የነበረበት መስመር መሬት ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ረድፍ ጥርብ ድንጋዮች ይታያል። አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ አያየውም፤ በእግሩ የሚሄድ ያየዋል፣ ትንሽ ከተከተለው በኋላ ግን ይሰለቸዋል። በብስክሌት የተከተለው ሰው መስመሩ መንገድ ሲቆርጥ፣ ድንገት ሲታጠፍ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲለይ እየነዳ ያየዋል። ጥሩ አስጎብኚ እዚህ ላይ አፉን ይዘጋል። «በግራ በኩል ያሉትን ድንጋዮች አትልቀቁ» ብሎ ይነዳል፤ ማብራሪያው የሚመጣው ጥያቄው ከጎብኚው ሲመጣ ነው።

በርናወር ጎዳና ላይ ደግሞ መቆም ያስፈልጋል፤ ለረጅም ጊዜ። እዚህ የመኖሪያ ቤቶቹ የምሥራቅ፣ ደጃፋቸው ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የምዕራብ ነበር። በነሐሴ 1961 በሩ ሲታሸግ ሰዎች በመስኮት ወደ ምዕራብ ዘለሉ፤ መሬት ላይ ወድቀው የሞቱም አሉ። ይህን ታሪክ ሁሉም አስጎብኚ ይናገራል። ልዩነቱ የት አቁሞ እንደሚናገር ነው። ደካማው በትልቁ ፎቶግራፍ ፊት ያቆማል። ጎበዙ ብስክሌቶቹን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ያስደግፍና ቤቶቹ በነበሩበት በኩል እንድንቆም ያደርጋል፤ አንድ ርምጃ የት እንደሚያደርስ ያኔ ይገባል። ቀጥሎ ወደ ዕርቅ ጸሎት ቤት ይወስዳል። የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ከፊትና ከኋላ በቆሙት ሁለት ግንቦች መካከል ባዶውን ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 በፈንጂ ፈረሰ። በ2000 በቦታው የተመረቀው አዲሱ ጸሎት ቤት ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው፤ የአሮጌው ስብርባሪም አፈሩ ውስጥ ተደባልቋል። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ግድግዳውን በእጁ ሳይነካ አያልፍም፤ አስጎብኚው ለዚያ ጊዜ መስጠቱን እዩ።

የትራም ሐዲድ የብስክሌት ጠላት ነው። ጎማው ከሐዲዱ ጎን ለጎን ከሄደ ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ነጂውን ይጥለዋል፤ የሚቋረጠው መስቀለኛ ሆኖ ነው። ይህን የማያስጠነቅቅ አስጎብኚ ዋጋውን መልሶ ይሂድ። ጎበዙ በዚያው አፉ ይጨምርበታል፦ ምዕራብ በርሊን የመጨረሻውን ትራም ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፣ ምሥራቁ ግን ትራሙን አልተወም። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ መስመሮች ቢኖሩም፣ ሐዲድ የበዛበት ሰፈር አሁንም ብዙውን ጊዜ ምሥራቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሐዲድ ባየን ቁጥር ሁለት ነገር እናስባለን። የደህንነት ማስጠንቀቂያና ታሪክ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ እንደወደቅሁ አውቃለሁ።

ቼክፖይንት ቻርሊ የሐቀኝነት መፈተኛ ነው። መንገዱ መሀል የቆመችውና ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሣባት ትንሽ ጎጆ ቅጂ ናት፤ የአሜሪካኖቹ ኬላ እ.ኤ.አ. በ1990 ተነሥቷል። አስጎብኚው ይህን ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ዝም ካለ ሌላውንም ነገሩን ተጠራጠሩ።

ከእኛ አገር የሄደ ጎብኚ የራሱ መመዘኛ አለው። ከኢትዮጵያ መጣሁ ሲባል አስጎብኚው በብራንደንቡርግ በር አጠገብ ኃይሌን ያነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ማራቶንን በ2:03:59 የጨረሰው እዚህ ነውና። የሰማ ከሆነ በ2023 የትዕግሥት አሰፋን 2:11:53 ይጨምራል። ደስ ይላል፣ ግን ቀላል ነው። ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ቪልሄልም ጎዳና ቁጥር 77 ላይ የቢስማርክ ጽሕፈት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1884 መጨረሻ እስከ 1885 መጀመሪያ የ14 መንግሥታት ተወካዮች ስለ አፍሪካ የመከሩት እዚያ ነው፤ ከአፍሪካ የተጠራ አልነበረም። ሕንጻው ዛሬ የለም፣ ቆሞ የሚነበበው የማስታወሻ ሰሌዳ ነው። ጣሊያን በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ሰበብ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት ስታስታውቅ የጠቀሰችው የዚሁ ጉባኤ ስምምነት 34ኛ አንቀጽን ነው። ነገሩ ወዴት እንዳመራ ለአማርኛ አንባቢ አልነግርም። ቡድኑ ውስጥ ኢትዮጵያዊ መኖሩን እያወቀ ይህን ሰሌዳ አልፎ፣ ጥቂት ርቆ ሂትለር ሞተበት ወደሚባለው ምሽግ መኪና ማቆሚያ የሚጣደፍ አስጎብኚ እንግዶቹን አላያቸውም።

ስለ ብስክሌቱ አጭር ነገር። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁ ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ይህን ለእያንዳንዱ ሰው የማያስተካክል አከራይ ቤት ቸኩሏል ማለት ነው። ፍሬኑንም ጠይቁ፦ በጀርመን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም ብስክሌት ብዙ ነው፤ ባሕር ዳር በኪራይ ብስክሌት ያደገ ሰው ልማዱ ሆኖ ወደ ኋላ ቢያሽከረክር በድንገት ይቆምበታል። ጥሩ ቤት ግቢው ውስጥ ሁለት ዙር ያስነዳል።

ቡድኑ ሲንቀሳቀስ ዓይናችሁን ከፊተኛው አንሥታችሁ የኋለኛውን እዩ። የመጨረሻዋ ሴት ላብ በላብ ሆና ስትደርስ አስጎብኚው ንግግሩን ግማሽ አድርሶ ከሆነ፣ እሷ የከፈለችው ለብስክሌቱ ብቻ ነው። የጀርመን የትራፊክ ሕግ ከ15 በላይ የሆኑ ብስክሌተኞች እንደ አንድ ተሽከርካሪ ተቆጥረው፣ ፊተኛው በአረንጓዴ ከገባ የቀሩት ተከትለው እንዲያልፉ ይፈቅዳል። ትንሽ ቡድን ግን ቀዩ ሲበራ ለሁለት ይከፈላል። ጎበዝ አስጎብኚ ይህን አስቀድሞ ይናገራል፣ ካለፈ በኋላ ሁሉም በሚያየው ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከኋላ እየነዳ የሚሰበስብ ረዳትም ያቆማል። ያመለጠ ሰው ቀይ ጥሶ እንዲደርስበት በእጁ የሚጠራውን ደግሞ ዳግመኛ አልከተለውም።

አንዴ ደግሞ ቡድኑን መልቀቅ ያስፈልጋል። ቴምፕልሆፍ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 የተከበበችው ምዕራብ በርሊን ምግብና ከሰል በአውሮፕላን ከተቀበለችባቸው ማረፊያዎች አንዱ ነው። በ2008 ተዘግቶ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሜዳው ከ300 ሄክታር ይበልጣል። ማኮብኮቢያው ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ያለ መኪና፣ ያለ መብራት መንዳት ይቻላል። እዚህ ሰልፍ የሚያስይዝ አስጎብኚ ጨዋታውን አያውቅም። «እዚያ ማዶ እንገናኝ» ይበልና ሁሉም በጉልበቱ ይንዳ፤ የአየር ድልድዩን ታሪክ ማዶ ላይ፣ እየተነፈሱ ሲሰሙት ይጥማል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ሁሉ ማየት አትችሉም፤ የሚታየው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ፌርማታዎቹን ቁጠሩ። በሦስት ሰዓት ተኩል ሃያ አምስት ቦታ የሚል ፕሮግራም ውስጥ ለመንዳት የተረፈ ጊዜ የለም። ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚለውን ምረጡና ለድርጅቱ ሁለት ጥያቄ ላኩ፦ ከኋላ የሚነዳው ማን ነው? ቪልሄልም ጎዳና ላይ ትቆማላችሁ?