የመዲናዎች ታሪክ ከወደቡ ሲነበብ፦ ጋምቤላ፣ ጎሬና የባሮ በር

የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ሲጻፍ ብዕሩ የሚያርፈው ነገሥታት በከተሙበት ነው። አክሱም በሐውልቷ፣ ላሊበላ በውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ፣ ጎንደር በግንቧ ትተረካለች። ያለ አዱሊስ አክሱም አክሱም እንዳልሆነች ሁሉም ቢያውቅም፣ ወደብና ኬላ በትረካው የሚመጡት ለማሟያ ነው። ጋምቤላ ቤተ መንግሥት ኖሯት አያውቅም። ሆኖም የ20ኛው መቶ ዘመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ጉልበቱም ድካሙም እንደ እሷ ጎልቶ የሚታይበት ከተማ ጥቂት ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ጋምቤላ የመዲናዎች ታሪክ ግርጌ ማስታወሻ ሳትሆን የታሪኩ አካል ናት የሚል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ከተፈራረሙት የድንበር ውል ነው። አራተኛው አንቀጽ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣል። ቦታው የንግድ ጣቢያ እንጂ የፖለቲካም ሆነ የጦር ሥራ እንዳይሠራበት ይከለክላል፤ ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። አንቀጹ ጥንቃቄ የበዛበት ነው፦ መሬቱ በሜትርና በሄክታር ተለክቷል፣ አገልግሎቱ ተገድቧል፣ ማብቂያውም አስቀድሞ ተቀምጧል። ያልተጠቀሰው በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። አኙዋዎች በባሮ ዳርቻ መንደር መሥርተው የሚኖሩት ውሉ ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ነበር።

የንግድ ጣቢያው በኋላ በጋምቤላ ተተከለ። የሥራውን ሥርዓት የሚወስነውም ወንዙ ነበር። መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ጋምቤላ ይደርስ የነበረው ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ነው። ቡናው ግን በደጋው የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የኢሉባቦርና የቄለም ቡና በበጋ በሲራራ ነጋዴ ወደ ቆላው ይወርድ ነበር፤ በመጋዘን ተከምሮም ወንዙ እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር። ነጋዴው ገንዘቡን ለወራት አስሮ መቆየት ስላለበት፣ ንግዱ አቅም ላላቸው የውጭ ነጋዴዎች፣ በተለይም ለግሪኮችና ለሶርያውያን የተመቸ ሆነ። ቡና ሲወጣ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይገባ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ቢደርስም፣ የምዕራቡ ቡና ወደ ባሮ መውረዱን አልተወም።

ወደብና መዲና በግልጽ የተገናኙት በ1928 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የመንግሥቱ ወንበር በስም ወደ ጎሬ ዞረ፤ አገር እንዲጠብቁም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ተሾሙ። ጎሬ የተመረጠችው ግንብ ስለነበራት አልነበረም። ከጠላት የራቀች፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባትና በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን በር ያላት ከተማ ስለነበረች ነው። ያ መንግሥት ክረምቱን ተሻገረ እንጂ ዓመት አልሞላውም፤ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች፣ በታኅሣሥም በምዕራብ የቀረውን ጦር ይመሩ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ጎጀብ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ዕድሜው አጭር ነው ብሎ ማለፍ ግን አይገባም። መንግሥት የሚቆመው በዙፋን ብቻ ሳይሆን በመውጫና በመግቢያው ጭምር መሆኑን እነዚያ ወራት አሳይተዋል። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ ደግሞ መንገዱ ወደ ላይ ተከፈተ፤ ከኮንጎ የመጣው የቤልጂግ ጦር ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሳዮ ወጣ።

ታዲያ ጥናቱ ይህን እንዴት አየው? የባሕሩ ዘውዴ የጋምቤላ ንግድ ጥናት መሠረታዊ ሥራ ነው፤ የሚሸፍነው ግን እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1935 ያለውን ዘመን ነው። ለንግድ ታሪክ ይህ ወሰን ያስኬዳል፤ ለከተማዋ ታሪክ ግን ጥናቱ የሚዘጋው የፖለቲካ ሚናዋ ሊጎላ ሲል ነው። በሌላ በኩል የኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. የ1940 መጽሐፍ የአኙዋን የፖለቲካ ሥርዓት ሲያጠና ከርዕሱ ጀምሮ ራሱን በሱዳን በኩል ወስኗል፤ ከሕዝቡ የሚበዛው ግን በኢትዮጵያ በኩል ነበር። ይኸው ምሁር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአኙዋ ተዋጊዎችን አስከትሎ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል። ተጠኚዎቹ በንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥታት ጦርነት ውስጥ ተዋናይ ነበሩ፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን ከዚያ ዓለም ተነጥለው ይታያሉ። የደረጀ ፈይሳ እ.ኤ.አ. የ2011 ሥራ አኙዋና ኑዌር ማንነታቸውን የሚረዱበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ከመንግሥት ጋር ካላቸው ግንኙነት ጋር አያይዞ በማሳየቱ ክፍተቱን በእጅጉ አጥብቧል። ትኩረቱ ግን ሕዝቦቹ እንጂ ከተማዋ አይደለችም።

በዚህ መሐል የጠፋው የወደቡ ሰው ነው። የንግድ ታሪኩ ጆንያ ይቆጥራል፣ የሕዝብ ጥናቱ የዘር ሐረግ ይቆጥራል። ጭነት ያወረደው፣ ለመርከብ ማገዶ የፈለጠው፣ በመጋዘኑ ዙሪያ ጎጆ የቀለሰው ግን በሁለቱም መዝገብ ስም የለውም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን እንደ ውሉ አበቃ፤ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፣ ቡናውም ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ። በጽሑፍ የጋምቤላ ታሪክ የቀዘቀዘውም ከዚያ ወዲህ ነው፤ ንግዱ ሲያልቅ ከተማዋም ያለቀች ይመስል።

የሚቀጥለው ሥራ እንግዲህ ለጋምቤላ የጥንት ክብር መፈለግ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሙከራ መልሶ በጎንደር ሚዛን ያስቀምጣታል። የሚያስፈልገው የካርቱምን የጣቢያ መዛግብት፣ የጎሬን የአስተዳደር ደብዳቤዎችና የባሮ ዳር መንደሮችን የቃል ታሪክ አንድ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው «ንጉሡ የት ከተመ?» ከሚለው አልፎ፣ መዲናውን ማን መገበው፣ መሬቱስ የማን ነበር ወደሚለው ይሸጋገራል። ይህ ጥያቄ ለአክሱምና ለጎንደርም ቢቀርብ የሚጠቅም ነው።